ለቅርንጫፍ ሽማግሌ የላከችው

የእጅጋየሁን ሞት የነገረኝ አባቴ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን፣ ከእሷ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሬ እየኖርኩ፣ እሱ አንኮበር አፋፉ ላይ ተቀምጦ ከእኔ ቀድሞ ሰማ። ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሹን ነው። ከዚያ «ሰናይት፣ እጅጌ እኮ ሄደች» አለኝና ድምፁ ተሰበረ። እናቴ ስትሞት እንኳ በሰው ፊት ያላለቀሰ ሰው በስልክ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቅ ጀመር። እስኪወጣለት አዳመጥኩት።

መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አይደለም፤ ቅናት ነው። ሞታ እንኳ ቀናሁባት። «እኔ ብሞት እንዲህ ያለቅስልኝ ይሆን?» ብዬ አሰብኩ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ። ኀዘኑ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሥራ ቦታ ስደርስ ጃኬቷ ከነመስቀያው በሩ ኋላ ተንጠልጥሎ ሳየው።

እጅጋየሁ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። ደብረ ብርሃን ውስጥ በየጣሪያው የሶላር ፓኔል የሚገጥምና የሚጠግን አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ለዓመታት አብረን ሠርተናል። የተማርነውም አንድ ኮሌጅ፣ አንድ ክፍል ነው። ውጤቴ ከእሷ ይበልጥ ነበር። ይህን እዚህ የምጽፈው እስከ ዛሬ ማንም ስላልጠየቀኝ ነው።

ረጅም ናት፣ ትከሻዋም ሰፊ። ክረምት ከበጋ የወንድ ጃኬት ለብሳ፣ ሻሽዋን ግንባሯ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራ ትመጣለች፤ የምትመጣውም አርፍዳ ነው። እኔ መሣሪያዎቼን ጠራርጌ፣ ሽቦውን ጠቅልዬ፣ መሰላሉን መኪና ላይ አስጭኜ ስጠብቃት እሷ ሚኒባስ ውስጥ ካገኘችው ሰው ጋር የጀመረችውን ወሬ በር ላይ ቆማ ትጨርሳለች። አለቃችን ሊቆጣ አፉን ሲከፍት «ይቅርታ ጌታዬ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ አልጋ ላይ አስሮኝ ነው» ትለዋለች። እሱም ስቆ ይተወዋል። እኔ አንድ ቀን ትንሽ ባረፍድ ግን «ምነው፣ የሞተ አለ እንዴ?» ተብዬ ነው የተጠየቅሁት።

ደንበኛውም ያው ነበር። ጣሪያው ላይ ወጥቼ፣ የላላውን አጥብቄ፣ የተበላውን ቀይሬ፣ መብራቱን አብርቼ ስወርድ ባለቤቱ ያመሰግነኝና «ያቺ ሳቂታዋስ ዛሬ የለችም?» ይለኛል። አረርቲ ድረስ ለሥራ ወርደን እንኳ ሳቂታዋ ቀድማኝ ታውቃ ቆየችኝ። ምን አለበት፣ እኔም እስቃለሁ። የሚያስቅ ነገር ሲኖር።

ትልቁ ትርኢቷ የጥላ ነገር ነበር። ሰው ፓኔል ሲያስገጥም ጥላ አይፈራም። ሰሌዳው በሙሉ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ አንድ ጥጉን የዛፍ ወይም የጭስ ማውጫ ጥላ ቢሸፍነው፣ የሚቀንሰው ያቺኑ ጥግ የምታህል ነገር ይመስለዋል። እኔ እንዲህ አይደለም ብዬ በወረቀት ስዬ አስረዳለሁ፤ ፓኔሉ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክፍሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሠሩት፣ አንዱ ሲደክም የሌሎቹንም ኃይል ይዞ ይቀራል እላለሁ። ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ዓይናቸው ግን በሩን ያያል። እጅጋየሁ ወረቀት አታወጣም። ፓኔሉን ግቢው መሐል ታጋድመውና የኃይል መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ አያይዛ የቤቱን ባለቤት ቁጥሩን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ታደርገዋለች። ከዚያ ሻሽዋን ፈትታ፣ አጣጥፋ፣ አንዱን ጥግ ትሸፍናለች። «አሁንስ ስንት የቀረ ይመስልዎታል?» ትለዋለች። ሰውዬው ጥጓን በዓይኑ ለክቶ ትንሽ ቀነስ አድርጎ ይገምታል። ቁጥሩን ሲያይ ይደነግጣል፤ ከገመተው እጅግ ወርዶ ያገኘዋል።

«ጥማድ በሬ ነው ጋሼ» ትላለች ሻሽዋን መልሳ እያሰረች። «አንዱ በሬ ከተኛ ሌላው ብቻውን አያርስም።» እሷ የእነዋሪ የገበሬ ልጅ ናት፤ የምታመጣው ምሳሌ ሁሉ ከማሳ ነው። ሰውዬውም ያኔውኑ ሄዶ መጥረቢያውን ይዞ ይመጣል።

ጥማድ በሬ ማለት ምን ይከብዳል? እኔም አንድ ጊዜ ጫጫ ላይ ሞክሬዋለሁ። ሻሽ ስለማላስር ሹራቤን አውልቄ ጥጉን ሸፈንኩ፣ በሬውንም ጠራሁ። ባለቤቱ ቁጥሩን አየና «እኛ ዘንድሮ በኪራይ ትራክተር ነው ያረስነው» አለኝ። ሹራቤን ለብሼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ቅናት ነው፤ የሥራ ቅናት ነው፤ ሲመሽ ይረሳል። የማይረሳው አባቴ ቤት የገባች ቀን የጀመረው ነው።

አባቴ ጋሽ ደምሴ የሚኖረው ከአንኮበር ከተማ ወረድ ብሎ፣ ምድሩ ወደ ቆላው ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ከግቢው በምዕራብ በኩል፣ አጥር ለአጥር፣ አንዲት ጤና ኬላ አለች። በጣሪያዋ ላይ ያለው ሶላር የክትባት ማቀዝቀዣ ያንቀሳቅሳል። አንድ ወቅት ማቀዝቀዣው እየደከመ አስቸገረ። ክትባቱ እንዳይበላሽ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰድና ሕፃን አዝለው ያንን ዳገት የወጡ እናቶች እንደመጡ ይመለሱ ጀመር። ድርጅታችን ተጠራ፤ አገሬ ስለሆነ መጀመሪያ የሄድኩት እኔ ነኝ። አይቼም ፈረድኩ፤ ጥፋተኛው የአባቴ ወይራ ነው አልኩ።

ያን ወይራ የተከለችው እናቴ ናት። ለጠላ እንስራዋና ለወተት ቅሏ ማጠኛ የምትቆርጠው ከእሱ ነበር። አንዱ ትልቅ ቅርንጫፉ፣ እኛ ቤት ክንድ የምንለው፣ አጥሩን ተሻግሮ ወደ ጤና ኬላዋ ተዘርግቷል። ፀሐይ ከቆላው ብቅ ስትል ጥላው ጣሪያው ላይ ይተኛል። አባቴን «ክንዱ ቢቆረጥ ምን ይመስልሃል አባዬ?» አልኩት። «የእናትሽን ዛፍ?» አለኝና ፊቱን አዞረብኝ። ከቀበሌ ደብዳቤ ሲመጣለት ደግሞ መነጽር የለኝም ብሎ ሳያነበው መለሰው። መነጽሩ ከኮቱ ኪስ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር።

አለቃችን ነገሩ እንደከረረ ሲሰማ «እስቲ እጅጋየሁ ትሞክረው» አለ። የገዛ አባቴን ልታግባባልኝ ሌላ ሰው ተላከ። እኔም መንገድ ልመራ አብሬ ሄድኩ።

ስንደርስ «መጀመሪያ ልለካ» ብላ ጣሪያው ላይ ወጣች። ቀኑ ነፋሻ ነበር። ቅርንጫፉ ወዲያ ወዲህ ሲል የቴስተሩ ቁጥርም ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ፀሐይዋ ከፍ ካለችም በኋላ መደነሱን አላቆመም። «ቅጠሉ ነው፣ አየሽው?» አለችኝ ከላይ። «እኔ ከመጀመሪያውም ብያለሁ» አልኩ። አልሰማችኝም፤ አባቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ ምሳ ብሉ እያለ ነበር። ከእኔ ጋር ያን ሰሞን የተኮራረፈው ሰው።

ምሳ ላይ ስለ ቅርንጫፍ አንድም ነገር አላነሳችም። ስለ እናቴ ነው የጠየቀችው። «ይሄን የመሰለ ወይራ ከየት አመጡት ጋሼ?» ስትለው፣ እናቴ ሙሽራ ሆና በመጣች ዓመት ከገደሉ ሥር ችግኙን ነቅላ፣ ሥሩን ከነአፈሩ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ዳገቱን ሙሉ እንደ ልጅ አቅፋ እንዳመጣችው ነገራት። ነጠላው በአፈር ስለተበላሸ አማቷ እንደተቆጧት፣ እሷም «ነጠላ ይታጠባል፣ ዛፍ ግን ይሞታል» እንዳለቻቸው ነገራት። እኔ ልጇ ይህን ሰምቼ አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም፤ ግን ሳልጠየቅ ሊነግረኝ ይችል ነበር። ምሳውን በልቼ እጄን ታጠብኩ፤ የበላሁት ምን እንደነበር አላስታውስም።

ከዚያ ያደረገችውን አገር እስከ ዛሬ ያወራዋል። ሽማግሌ ላከች።

ልጄን ይዤ አባቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ቀን የሰፈሩ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው መጡ። ግቡ፣ ተቀመጡ ቢላቸው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። «አንቀመጥም ደምሴ። ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አለ ትልቁ። አባቴ ግራ ገባው። ያለችው አንድ ልጅ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አግብቼ ወልጄ፣ ልጄ እዚያው እግሩ ሥር ይድሃል።

«የትኛዋን ልጅ?» አላቸው።

«የወይራዪቱን ክንድ። ወደ ጤና ኬላ የተዘረጋችዋን። የሕፃናቱን ነገር አስቡ፣ ጋሼን በወጉ ጠይቁልኝ ብላ የላከችን እጅጋየሁ ናት።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። ወይም በቁጣ ያስወጣቸዋል ብዬ። አንዱንም አላደረገም። ብድግ ብሎ ጋቢውን አስተካከለና፣ ልክ የልጃገረድ አባት እንደሚለው፣ «እናቷ በሕይወት የለችም። ከዘመድ ልምከርበት። ለሳምንቱ ተመለሱ» አላቸው። ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ እጅ ነስተው ወጡ።

እኔን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች እኮ ወንበሩ ሳይሞቅላቸው ነው «ይሁን፣ ፈቅጃለሁ» የተባሉት። ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «አባትሽ ሊገላገሉሽ ቸኩለው ነበር» እያለ ይቀልድብኛል። ለእኔ ያልተማከረ ዘመድ ለቅርንጫፍ ተማከረ። በሳምንቱ ሲመለሱም አላስቸገረም፤ «እናቷ ብትኖር ለሕፃናት አትከለክልም ነበር» ብሎ ሰጣቸው።

ቅዳሜ ዕለት ራሱ መጋዝ ይዞ ቆረጠው። እጅጋየሁ ቅርንጫፉን በገመድ አስራ፣ መሬት ላይ ወድቆ እንዳይጮህ ቀስ አድርጋ ወደ ታች ለቀቀችው። ቅጠሉን የሰፈሩ ሴቶች ለማጠኛ ተከፋፈሉት። በማግስቱ እሁድ ደግሞ እንለካለን አለች። የሥራ ቀን ሰው አይሰበሰብም፣ ጋሼ የሰጡት ነገር ምን እንዳደረገ ሽማግሌዎቹም ይዩ ብላ ነው። እኔ ልጄን ጉንፋን ይዞታል ብዬ ደብረ ብርሃን ቀረሁ። ይዞትም ነበር፤ ቀለል ያለ ጉንፋን። የሆነውን አባቴ በስልክ ነገረኝ። መነጽሩን አድርጎ ቁጥሩን ያነበበው እሱ ነበር። «ንቅንቅ አላለም ሰናይት! ነፋሱ እንዲያ እያጓራ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም!» አለኝ። ከኋላው እልልታ ይሰማኛል፤ ከእልልታውም በላይ ሳቋ። እኔ የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤለት የሄድኩ ጊዜ «ተባረኪ» ብሎኝ ወደ በሬዎቹ ነው የሄደው።

ትንሽ ቆይቶ ከጤና ኬላዋ እንደገና ስልክ መጣ። ማቀዝቀዣው እንደ ድሮው መድከም ጀምሯል አሉ። እጅጋየሁ ሌላ ቦታ ስለነበረች እኔ ተላክሁ። ቀኑ የሥራ ቀን ነው። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ቴስተሩን ሳያይዝ ቁጥሩ ይደንሳል። ወይራውን አየሁ፤ ክንዱ የለም፤ የተቆረጠበት ቦታ ብቻ እንደ ክብ ገበታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ታዲያ ይህን የሚያስደንሰው ምንድን ነው ብዬ ፓኔሉን ራሱን ሳየው፣ አንድ ጥቁር ነገር ጥጉን እየነካ ሲመለስ፣ እየነካ ሲመለስ አየሁ። ቀና አልኩ። ባንዲራው ነው።

የባንዲራው እንጨት የቆመው ግቢው ውስጥ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ከጣሪያው ቀረብ ብሎ ነው። የወይራው ጥላ በማለዳ፣ ፀሐይዋ ገና ደካማ ሳለች መጥቶ የሚያልፍ ነበር። የባንዲራው ግን ፀሐይ ስትበረታ መጥቶ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ፓኔሉ ላይ ይውለበለባል። ዓይናችን ሁልጊዜ ከፍ ብሎ የሚያየው ነገር ጥላ ይኖረዋል ብሎ ማን ያስባል? ወርጄ ዘበኛውን «እሁድ እሁድ ባንዲራ ይሰቅላሉ?» አልኳቸው። «እሁድ?» አሉኝ ገርሟቸው። «እሁድማ እኔ ቅዳሴ ነኝ።»

ደስ አለኝ። የእናቴ ዛፍ በከንቱ መቆረጡ ገና ሳያሳዝነኝ ደስ አለኝ። ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ እልልታ፣ ያቺ የእሁድ ትርኢት! ወይራው ነው ብዬ መጀመሪያ የፈረድኩት እኔ መሆኔ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው፤ ደስታዬንም ብዙ አልቀነሰውም። ለአባቴ አንድ ቃል አልነገርኩትም። እሷ ራሷ መጥታ እሱ ፊት ስትቀል ማየት ፈለግሁ። ደወልኩላትና «ነይ፣ የምታይው ነገር አለ» አልኳት።

በማግስቱ መጣች፤ ያን ቀን አላረፈደችም። ጣሪያው ላይ ቆማ ዘበኛውን «እስቲ ያውርዱት አባባ» ትላለች፣ ቁጥሩ ይቆማል። «እስቲ ይስቀሉት» ትላለች፣ ቁጥሩ ይደንሳል። ደጋግማ አስደረገቻቸው። ስትወርድ አልሳቀችም።

«እሁድ ቀን መለካት!» አለች ለራሷ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከአጥሩ ሥር አንድ ደህና ድንጋይ አነሳችና ማጅራቷ ላይ ጫነችው።

«እጅጌ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ያጠፋ ሰው የሚሠራውን» አለችኝና በአባቴ በር ገባች። እኔም ተከተልኳት። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ በአገራችን ያለ ነገር ነው፤ ግን የሚሸከመው ደም የተቃባ፣ ወይም አባቱን የረገመ ሰው ነው እንጂ የሶላር ባለሙያ አይደለም። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ፊቱ ደርሳ ተንበረከከች።

«ጋሼ፣ ይማሩኝ። ክንዷን በከንቱ ነው ያስቆረጥኩዎት። ጥላው የባንዲራው ነበር። ባንዲራው በማይሰቀልበት ቀን ለክቼ እልል አስባልኩዎት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የእኔን ስም አላነሳችም። ወይራው ነው ያለችው ሰናይት ናት ብትል እውነት ነበር፤ አላለችም። ምስጋናውንም፣ ጥፋቱንም ብቻዋን ወሰደችው። ለዚህም ቢሆን ተናደድኩባት።

የአባቴ ዓይን ወይራው የተቆረጠበት ቦታ ላይ ነበር። አሁን ነው፣ አሁን ያወርድባታል አልኩ። ተነሳ፤ በሁለት እጁ ድንጋዩን ከማጅራቷ ላይ አነሳና ወደ አጥሩ ወረወረው። ክንዷን ይዞም አስነሳት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አላት። «ዛፍ ያቆጠቁጣል። እኔ ቤት መጥቶ አጠፋሁ ያለ ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ!» ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ ፈገግ እያለ፣ «ይቺማ ከተወለደች ጀምሮ ተሳስታ አታውቅም። ምኗን ይቅር ልበላት?» አለ።

በቀልድ ነው ያለው። እሷ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲወደኝ ብዬ ነው ያልተሳሳትኩት። ቤቱን ጠርጌ፣ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ፣ የተባልኩትን ሁሉ ሳይደገም ሠርቼ። ለካ ይህ ሁሉ እሱ ለእኔ የሚያደርገው ነገር እያሳጣው ነበር። እሷ አጥፍታ፣ ተንበርክካ፣ በአንድ ድንጋይ አገኘችው። የባንዲራው እንጨት ያን ዕለት ተነቅሎ ወደ ሌላው ጎን ተተከለ፤ ማቀዝቀዣውም ከዚያ ወዲህ ሰላም ሆነ።

ከዚያ በኋላ ለጥገና እንኳ ባይሆን እየሄደች ትጠይቀው ነበር። የእነዋሪ ምስር ትወስድለታለች፣ ማር ይዛ ትመለሳለች። ለእኔም ከማሩ ታካፍለኛለች፤ የገዛ አባቴን ማር ከእሷ እጅ ተቀብያለሁ። ሲደውልልኝ «እጅጌ ደህና ናት?» ይልና ከዚያ ስለ ልጄ ይጠይቃል።

ስትታመም ነገሩ ፈጣን ነበር። ጉበቷ ነው አሉ፤ አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ድካም አለኝ ብላ ወረደች፣ ከዚያ ወዲህ መሰላል አልወጣችም። አባቴ ሆስፒታል ሊጠይቃት ደብረ ብርሃን ድረስ መጣ። የልጄ ክርስትና ጊዜ ጉልበቴን ብሎ የቀረ ሰው ነው። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ብርቱካን ሲልጥላት በር ላይ ቆሜ አየሁት። ሊሄድ ሲነሳ እጄን ይዛ አስቀረችኝ። ያ ሰፊ ትከሻ ጠፍቶ፣ ሳቋ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም ቀጥኖ።

«አንቺ ሰናይት» አለችኝ፣ «አንድ ነገር ልምከርሽ? አንዳንዴ ተሳሳቺ። አይጎዳም።»

ተናደድኩ። ለምትሞት ሰው መናደድ ነውር መሆኑን እያወቅሁ ተናደድኩ። «እሺ፣ ተኚ አሁን» አልኳትና ብርድ ልብሷን አስተካክዬ ወጣሁ። ከእሷ ጋር ያወራሁት የመጨረሻ ነገር ይህ ነው።

ለቅሶው እነዋሪ ነበር። ከአባቴ ጋር በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ እሱ በመስኮት የታጨደውን ማሳ ያያል፣ እኔ እሱን አያለሁ። ድንኳኑ እንደደረስን ማንም ሳይመራው ዘመድ ወደተቀመጠበት ቀጥ ብሎ ገባ። ሰዎቹም ማን እንደሆነ የሚያውቁ ይመስል ቦታ ለቀቁለት። እኔ በሩ አጠገብ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተቀመጥኩ። እዚያም ቢሆን እሱ ውስጥ፣ እኔ ውጭ ነኝ እያልኩ ነበር።

ጥቂት እንደቆየሁ ጥቁር የለበሰች ልጅ መጥታ «ሰናይት የምትባይው አንቺ ነሽ? እናቷ ትጠራሻለች» አለችኝ። ተነስቼ ተከተልኳት። የእጅጋየሁ እናት ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቁመታቸው የእሷ ነው፣ ዓይናቸው ግን በለቅሶ ጠቧል። ጎንበስ ብዬ እግዜር ያጽናዎት ስላቸው እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«የጋሽ ደምሴ ልጅ ነሽ?»

«አዎ እማማ።»

«አባቷ የሞተው ገና በጀርባዬ አዝያት ሳለሁ ነው» አሉኝ። «ፊቱን አታውቀውም። ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ፣ አንድ ቀን መጥታ ድንጋይ የሚያወርድልኝ አባት አገኘሁ አለችኝ። ልጁስ አይከፋትም ወይ ስላት፣ ሰናይት እኮ ናት ያዋሰችኝ ትላለች። ሁሌም እንዲህ ነው የምትለኝ።» እጄን በሁለት እጃቸው ጠበቅ አደረጉት። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ከአባትሽ ለልጄ ስላካፈልሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

አላዋስኳትም። አላካፈልኳትም። አንዲት ቀን እንኳ ወድጄ አልሰጠኋትም። ይህን ለእሳቸው መናገር አልቻልኩም፤ እሷም ከሞተች በኋላ ለማን ይነገራል? ከድንኳኑ ወዲያ ማዶ አባቴ በወንዶቹ መሐል ያለቅሳል፤ ዓይናችን ሲገጣጠም ራሱን ነቀነቀልኝ።

«አብሮ ይስጠን እማማ» አልኳቸው፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ።